ሻጋታ የሚበላሸው ከስፓርኩ በፊት ነው

የፕላስቲክ ሻጋታ፣ ማለትም ፕላስቲክ ቀልጦ ቅርጽ የሚይዝበትን ብረት፣ ከውጭ ማስመጣት ድሮ በነበረው ሒሳብ የሚታሰብ ነገር አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ 100 ብርን አለፈ። የጀሪካን ክዳን፣ የጫማ ሶል ወይም የኤሌክትሪክ ሶኬት የሚያመርት ፋብሪካ ሻጋታው ሲያረጅበት አዲስ ከማዘዙ በፊት እዚሁ የሚያድስለት ወርክሾፕ መፈለጉ አይቀርም።

ወርክሾፑም የራሱ ጫና አለበት። ብረት የሚቆረጥበት የካርባይድ መቁረጫ ዋና ጥሬ ዕቃ ተንግስተን ነው። የዓለምን ተንግስተን በአብዛኛው የምታመርተው ቻይና እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2025 ጀምሮ ወደ ውጭ የሚወጣውን በፈቃድ ብቻ አድርጋዋለች። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023፣ ንጥረቱ ከፍ ያለና እፍጋቱ ከ1.73 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ጠንካራ ሰው ሠራሽ ግራፋይት በዚሁ ዓይነት ቁጥጥር ሥር ገብቷል። በኤሌክትሪክ ብልጭታ ብረት በሚበላው ስፓርክ ማሽን ላይ ለሚታሰረው ኤሌክትሮድ (ቅርጹ ብረቱ ላይ ለሚገለበጠው መዳብ ወይም ግራፋይት) የሚፈለገው ግራፋይት ደግሞ ከዚህ መለኪያ ብዙም አይርቅም። መዳብም እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 በለንደን ገበያ በቶን ከ11,000 ዶላር በላይ ተሽጦ ነበር። አንድን ኤሌክትሮድ ሁለት ጊዜ መሥራት ወይም በግድየለሽነት መቁረጫ መስበር ዱሮ ትንሽ ኪሳራ ነበር፤ ዛሬ የሥራውን ትርፍ ይዞ ይሄዳል።

የሻጋታው ጉድጓድ ተበላሽቶ ሲገኝ ጣት የሚቀሰረው ብዙውን ጊዜ ወደ ስፓርክ ማሽኑ ነው፦ አምፔሩ በዛ፣ ብልጭታው የሚዘልበት ነጭ ጋዝ ቆሸሸ፣ ማሽኑ አረጀ። አንዳንዴ እውነት ነው። አብዛኛው ስህተት ግን ኤሌክትሮዱ ሲነደፍና በሲኤንሲ (በኮምፒውተር በሚመራ የመቁረጫ ማሽን) ሲቆረጥ ተሠርቶ ያለቀ ነው። ስፓርክ ማሽኑ የተሰጠውን ቅርጽ ከነጉድለቱ ብረቱ ላይ ይገለብጣል እንጂ አያርምም።

ኤሌክትሮድ ያስፈልጋል ወይ?

በብልጭታ ብረት መብላት የሶቪየቶቹ ባልና ሚስት ሳይንቲስቶች፣ የላዛሬንኮዎች፣ የ1943 ሥራ ነው። ኤሌክትሮዱና ብረቱ ሳይነካኩ በፈሳሽ ውስጥ ይቀራረባሉ፤ በሰከንድ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ብልጭታ እየዘለለ ከብረቱ ላይ ጥቃቅን ነጥቦችን ያቀልጣል። የብረቱ ጥንካሬ ለዚህ ሥራ ለውጥ አያመጣም። በሙቀት ታክሞ የጠነከረ ብረት ላይ የሚፈለገውም ለዚህ ነው።

ዘገምተኛ ሥራ መሆኑ ግን አይረሳ። ጥንካሬው 30 ሮክዌል አካባቢ የሆነ የሻጋታ ብረት ላይ 3 ሚሜ ራዲየስ ያለውና 20 ሚሜ የሚጠልቅ ማዕዘን በ6 ሚሜ መቁረጫ በቀጥታ ይወጣል፤ ለዚህ ኤሌክትሮድ መሥራት ጊዜ መግደል ነው። ጥልቀቱ ያው ሆኖ ራዲየሱ 0.5 ሚሜ ከሆነ 1 ሚሜ መቁረጫ 20 ሚሜ አውጥቶ መሥራት ይጠይቃል፤ ይህ አይሆንም። የመቁረጫው መታጠፍ ከያዣው በወጣው ርዝመት ኩብ ልክ ይጨምራልና ርዝመቱ ሲያጥፍ መታጠፉ 8 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ጠባብ ሪብ (ስስ ግድግዳ)፣ ሹል የውስጥ ማዕዘንና ጥልቅ ፊደል ወደ ስፓርክ ይሂድ፤ የቀረው በፍሬዛ፣ ማለትም በሚሽከረከር መቁረጫ፣ ይጨረስ። ኤሌክትሮድ የሚገባበትን ቦታም ቢሆን አስቀድሞ በፍሬዛ ማራገፍ የስፓርኩን ሰዓት በጣም ያሳጥራል።

መዳብ ወይስ ግራፋይት

እዚህ ላይ ብዙ ክርክር አለ። አብዛኛውም አንዱን ብቻ በለመደ ሰው የሚነሳ ነው። መዳብ በ1,085 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ግራፋይት ግን በተለመደው የአየር ግፊት አይቀልጥም፣ ከ3,600 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ በቀጥታ ይተናል። ስለዚህ በከፍተኛ አምፔር ራፊንግ (የመጀመሪያው ሸካራ ሥራ) ሲሠራ ግራፋይት ብዙም አይበላም። ክብደቱም ቀላል ነው፦ 100 በ60 በ40 ሚሜ የሆነ የመዳብ ብሎክ 2.15 ኪሎ ሲመዝን ያው መጠን ያለው ግራፋይት ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ለትልቅ ኤሌክትሮድ ይህ የዜድ ሞተሩን (ኤሌክትሮዱን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያንቀሳቅሰውን) ሸክም ይቀንሳል።

መዳብ የሚያሸንፈው ልስላሴ ሲፈለግ ነው። የገጽታ ሸካራነት በሚገለጽበት በቪዲአይ 3400 መለኪያ ከ18 በታች፣ ማለትም አርኤ (አማካይ ሸካራነት) ከ0.8 ማይክሮን ያነሰ ገጽታ ሲጠየቅ በመዳብ ማውጣት ይቀላል። በግራፋይት ያን ለማግኘት ቅንጣቱ ከ5 ማይክሮን ያልበለጠ ደረጃ መግዛት ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ ውድ ነው። ሌላውና ለአገራችን ወርክሾፖች ወሳኙ ነጥብ አቧራ ነው። ግራፋይት ለመቁረጥ የታሸገና ኃይለኛ መምጠጫ ያለው ማሽን ያስፈልጋል። ያ ከሌለ ክርክሩ አልቋል፤ መዳብ ይሠራ።

የመዳቡ ምንጭ ከዋጋው በላይ ያሳስባል። ለኤሌክትሪክ ሰሌዳ የሚያገለግለው ጠፍጣፋ ባስባር ንጥረቱ 99.9 በመቶ ስለሆነ ጥሩ ኤሌክትሮድ ይወጣዋል። ከኬብል ቁራጭ ቀልጦ በአሸዋ ቅርጽ የፈሰሰ መዳብ ግን፣ ምናለሽ ተራም ይገዛ ሌላ ቦታ፣ ውስጡ የአየር ቀዳዳና ባዕድ ብረት ይኖረዋል። ፊቱ ጥሩ ይመስላል፤ ስፓርክ ላይ ሲወጣ ግን ቀዳዳው ባለበት ቦታ ሻጋታው ላይ ትንሽ ጉብታ ይቀራል፣ መበላቱም አንድ ዓይነት አይሆንም። ናስን በመዳብ ቦታ መጠቀምም አያዋጣም። ለመቁረጥ ቢቀልም ስፓርክ ላይ ፈጥኖ ስለሚበላ የሻጋታው ማዕዘን ሳይወጣ ኤሌክትሮዱ ያልቃል።

ተስቦ የተሠራ የመዳብ ዘንግ በውስጡ የተያዘ ውጥረት አለው። አንዱን ፊት ብቻ ቆርጦ ማውረድ ዘንጉን ያጎብጠዋል። መላው፦ በሁሉም ፊት 0.3 ሚሜ ያህል አስቀርቶ መቁረጥ፣ ከሞርሳው ማላቀቅ፣ ሲቀዘቅዝ በቀላል ጉልበት እንደገና ማሰር፣ ከዚያ መጨረስ ነው። መቀዝቀዙ የግድ ነው። 100 ሚሜ መዳብ በ10 ዲግሪ ልዩነት 0.017 ሚሜ ይረዝማል፤ ትኩስ እያለ የተለካ ኤሌክትሮድ የተለካውን መጠን ይዞ አይቆይም።

ቅናሹ

ብልጭታው የሚዘልበት ክፍተት ስላለ ኤሌክትሮዱ ከሚፈለገው ጉድጓድ ማነስ አለበት። ይህ ቅናሽ በአንድ ጎን ስንት እንደሆነ ሳይጻፍ የሚወጣ ሥዕል የችግር መነሻ ነው፤ 0.2 የሚለውን አንዱ በአንድ ጎን ሲረዳው ሌላው በጠቅላላ ስፋት ይረዳዋል።

ለተለመደ የፕላስቲክ ሻጋታ የራፊንግ ኤሌክትሮድ በአንድ ጎን ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሜ፣ የፊኒሺንጉ (የማጠናቀቂያው) ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሜ ቢቀንስ ይሠራል። የራፊንጉ ቁጥር ሦስት ነገር ይሸፍናል፦ በተመረጠው አምፔር ብልጭታው የሚዘልበትን ክፍተት፣ ብልጭታው ብረቱ ላይ የሚተወውን ጉድጓድ ጥልቀት፣ ፊኒሺንጉ የሚያነሳውን ትርፍ። ክፍተቱ 0.12፣ ጥልቀቱ 0.04፣ ትርፉ 0.09 ከሆነ 0.25 ሚሜ መጣ ማለት ነው። ትርፉን የሚሰርዝ ሰው ከራፊንግ የቀረው ቀልጦ የደረቀ ነጭ ሽፋን ፊቱ ላይ ይቀርበታል። ሽፋኑ ጠንካራና ስንጥቅ የበዛበት ስለሆነ በብርጭቆ ወረቀት ለማውጣት ቀን ይፈጃል፤ ካልወጣም ሻጋታው ሥራ ላይ ሳለ ይረግፋል።

ስፓርክ ማሽኑ ኤሌክትሮዱን ጉድጓዱ ውስጥ በትንሹ የሚያዞርበት ኦርቢት ካለው የፊኒሺንጉ ቅናሽ ሰፋ ቢል ይመረጣል፤ ቆሻሻው መውጫ ያገኛል። ሒሳቡ ቀላል ነው። ቅናሹ በአንድ ጎን 0.10፣ የመጨረሻው ደረጃ ክፍተት 0.03 ከሆነ የኦርቢቱ ራዲየስ 0.07 ሚሜ ይሆናል። የዚህ ትልቁ ጥቅም የተሳሳተ ኤሌክትሮድ ሳይጣል መዳኑ ነው። 20.00 ሚሜ ለሚሆን ጉድጓድ የተሠራ ኤሌክትሮድ 19.80 መሆን ሲገባው በማይክሮሜትር 19.83 ቢገኝ ትክክለኛው ቅናሽ 0.085 ነው፤ ኦርቢቱን 0.055 ማድረግ ይበቃል። 19.76 ቢሆን ደግሞ ኦርቢቱ 0.09 ይሁን። ይህን ለማድረግ ግን ኤሌክትሮዱ ስፓርክ ላይ ከመውጣቱ በፊት መለካት አለበት፤ በብዙ ቦታ የሚዘለለውም ይኸው ነው።

ኦርቢት ሁለት ነገር አያደርግም። በኤክስና በዋይ (በአግድም) ብቻ የሚዞር ከሆነ ወለሉን አያወርድም፤ ስለዚህ በዜድ የሚቀነሰው የብልጭታው ክፍተት ብቻ ነው። ክብ ኦርቢት ደግሞ ሹል ማዕዘንን ሹል አድርጎ አያወጣም። በ0.07 ራዲየስ ሲዞር ማዕዘኑ ላይ ክፍተቱን ጨምሮ 0.10 ሚሜ የሚሆን ክበት ይተዋል። ሹል ማዕዘን ከተፈለገ ማሽኑ ላይ አራት ማዕዘን ኦርቢት ይመረጥ።

ቅናሹን ፕሮግራም ውስጥ ማስገባት ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው የመቁረጫውን መንገድ በሚያወጣው በካም ሶፍትዌሩ የሚተወውን ትርፍ ኔጌቲቭ፣ ለምሳሌ ከዜሮ በታች 0.1 ማድረግ ነው። ለቦልኖዝ (ጫፉ ኳስ ለሆነ መቁረጫ) ያለችግር ይሠራል። ጫፉ ጠፍጣፋ ለሆነ ወይም የማዕዘን ራዲየሱ ከቅናሹ ላነሰ መቁረጫ ግን ሶፍትዌሩ ሊሰላው አይችልም፤ ወይ እምቢ ይላል ወይ ተዳፋት ላይ የተሳሳተ መንገድ ያወጣል። ሁለተኛው መንገድ ፕሮግራሙን በአነስተኛ መቁረጫ ሠርቶ በትልቁ መቁረጥ ነው፦ ለ0.1 ቅናሽ ፕሮግራሙ በ5.8 ሚሜ ቦልኖዝ ይወጣና ማሽኑ ላይ 6 ሚሜ ይታሰራል። ይህን የሚያደርጉ ብዙ ናቸው፤ ዜድን የሚረሱትም እንዲሁ። የመቁረጫው ቁመት በጫፉ ተነክቶ ከሆነ የእውነተኛው ኳስ ማዕከል 0.1 ሚሜ ከፍ ብሎ ይቀራል። ዜድን በ0.1 ዝቅ ማድረግ ግዴታ ነው፤ አለበለዚያ ጎኑ ልክ ሆኖ አናቱ ይረዝማል፣ የሻጋታውም ወለል በዚያው ልክ ይጠልቃል።

ስለ ኤሌክትሮዱ መሠረት ጥቂት እንጨምር። ቅርጹ የሚቆምበት አራት ማዕዘን መሠረት ከቅርጹ በየጎኑ 5 ሚሜ ያህል የሚሰፋ፣ ቁመቱ ቢያንስ 6 ሚሜ የሆነ፣ ከቅርጹ ጋር በአንድ እስራት የተቆረጠ ይሁን። ሲለካ የሚነካውና ዜሮ የሚያዘው እሱ ነው። በቅርጹና በመሠረቱ መካከል ከጥልቀቱ በላይ 2 ወይም 3 ሚሜ አንገት ካልተተወ መሠረቱ የሻጋታውን ፊት ነክቶ ይበላዋል። ከመሠረቱ አንዱ ማዕዘን ብቻ ይቆረጥ፤ ኤሌክትሮዱ 180 ዲግሪ ዞሮ እንዳይታሰር የሚከላከለው ይህች ምልክት ናት። ጎኑ ላይ የሥራው ቁጥር፣ ራፊንግ ወይም ፊኒሺንግ መሆኑና ቅናሹ በቁጥር ይቀረጹበት። በማርከር የተጻፈውን ነጭ ጋዝ ያጥበዋል።

ፊደል ላለው ሥራ አንድ ማሳሰቢያ፦ የምርቱ ፊደል ወደ ውጭ የጎላ ከሆነ ኤሌክትሮዱ ራሱ ልክ እንደ ምርቱ በትክክል የሚነበብ መሆን አለበት። የሚገለበጠው ሻጋታው ላይ ነው። ኤሌክትሮዱን ገልብጦ የሚቆርጥ ሰው ዕቃው ሲወጣ ፊደሉን በመስታወት ያነበዋል።

መዳብን በሲኤንሲ መቁረጥ

መዳብ ለስላሳ ነው፤ ያስቸገረውም ልስላሴው ነው። ከመቁረጥ ይልቅ ይገፋል፣ መቁረጫው ላይ ይለጠፋል፣ ጠርዝ ላይ ስስ ሹል ትርፍ ያወጣል። ስለዚህ መቁረጫው ስለት የወጣለት፣ ሽፋን የሌለው ወይም ለአሉሚኒየምና ለመዳብ ተብሎ የተለሰነ፣ ሁለት ምላጭ ያለው ካርባይድ ቢሆን ይሻላል። ብረት የቆረጠ መቁረጫ ዓይን ባያየውም ስለቱ ተነክቷልና ወደ መዳብ አይመለስ። ለመዳብ ብቻ የሚሆኑ መቁረጫዎች የራሳቸው ሳጥን ይኑራቸው። ማቀዝቀዣው በውሃ የሚበረዝ ዘይት ሆኖ ድኝ ያለበት ዓይነት አይሁን፤ ድኝ መዳብን ያጠቁረዋል።

ፍጥነቱን ማስላት አያስቸግርም። የመቁረጫ ፍጥነት በ1,000 ተባዝቶ በዲያሜትሩና በ3.14 ብዜት ሲካፈል ዙር በደቂቃ ይሰጣል። ለመዳብ 200 ሜትር በደቂቃ ጥሩ መነሻ ነው፤ ለ10 ሚሜ መቁረጫ 6,370 ዙር፣ ለ6 ሚሜ 10,600 ዙር ይመጣል። ስፒንድላቸው (መቁረጫውን የሚያዞረው ዘንግ) 8,000 ላይ የሚያበቃ ማሽኖች ብዙ ናቸው። በ6 ሚሜ መቁረጫ ያ 150 ሜትር በደቂቃ ነው፣ ይበቃል። በአንድ ምላጭ 0.04 ሚሜ ቢመደብ ፊዱ (መቁረጫው ወደፊት የሚሄድበት ፍጥነት) 640 ሚሜ በደቂቃ ይሆናል። ፊዱን ፈርቶ ወደ 200 ማውረድ ግን ስህተት ነው፤ በአንድ ምላጭ 0.0125 ሚሜ ብቻ ሲደርስ መቁረጫው መዳቡን ያሸዋል እንጂ አይቆርጠውም፣ ፊቱም ይቀደዳል።

ቦልኖዝ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። 6 ሚሜ ቦልኖዝ 0.15 ሚሜ ብቻ ጠልቆ ጠፍጣፋ ፊት ላይ ሲሄድ በትክክል የሚቆርጠው ዲያሜትር 1.87 ሚሜ ነው። በ8,000 ዙር 47 ሜትር በደቂቃ ማለት ነው፤ የኳሱ ጫፍ ላይ ደግሞ ፍጥነቱ ዜሮ ነው። ጠፍጣፋው አናት ደብዝዞና ተጨማድዶ የሚወጣው ለዚህ ነው። ጠፍጣፋ ፊት በጠፍጣፋ መቁረጫ ይጨረስ፤ ቦልኖዙ ለጉብታና ለተዳፋቱ ይቆይ።

በቦልኖዝ ሁለት ሩጫዎች መካከል የሚቀረው ጉብታ ቁመት የርምጃው ስኩዌር በራዲየሱ 8 እጥፍ ሲካፈል የሚገኘው ነው። በ6 ሚሜ ቦልኖዝና በ0.3 ርምጃ 3.75 ማይክሮን፣ በ0.2 ደግሞ 1.7፣ በ0.15 ወደ 0.9 ማይክሮን ይሆናል። ስፓርኩ አርኤ 1.6 ማይክሮን የሚተው ከሆነ ርምጃውን 0.08 አድርጎ ማሽኑን ሌሊቱን ሙሉ ማሠራት ምንም አይጨምርም፤ ርምጃው በግማሽ ሲቀንስ ሰዓቱ እጥፍ ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚጎዳው የመቁረጫው መዋዠቅ ነው። መቁረጫውን የሚይዘው ኮሌት ውስጥ የተደፈነ አንድ የመዳብ ቅንጣት ጫፉን 0.02 ሚሜ ያወዛውዛል። በአንድ ምላጭ 0.03 ሚሜ ለሚቆርጥ 2 ሚሜ መቁረጫ ይህ ማለት ሥራውን በአብዛኛው አንዱ ምላጭ ይሠራል ማለት ነው። ቶሎ ይሰበራል፤ እስኪሰበርም ኤሌክትሮዱን ከሚፈለገው በላይ ያሳንሰዋል። ኮሌቱን ጠርጎ፣ ጫፉን መዋዠቁን በሚያሳይ ኢንዲኬተር አይቶ፣ ከ0.01 ካለፈ አላቅቆ እንደገና ማሰር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ስስ ሪብ፣ ለምሳሌ 1 ሚሜ ወፍሮ 15 ሚሜ የሚቆም፣ አንዱን ጎን እስከ ታች ጨርሶ ወደ ሌላው በመዞር አይሠራም። ሁለተኛው ጎን ሲቆረጥ ሪቡ ይሸሻል፤ አናቱ ወፍራም፣ እግሩ ቀጭን ሆኖ ይወጣል። የሚሻለው በ0.3 ወይም በ0.5 ሚሜ ደረጃ ግራና ቀኝ እየተፈራረቁ ከአናት ወደ እግር መውረድ ነው፤ ያልተቆረጠው የታችኛው ክፍል ድጋፍ ይሆነዋል። አንዴ ከወረዱ በኋላ ወደ ላይ ተመልሶ ለማሳመር መነካካት አይገባም።

ጠርዝ ላይ የሚቀረውን ሹል ትርፍ በሊማ የሚያነሳ ሰው ማዕዘኑን አብሮ ይበላዋል። 0.1 ሚሜ የከበበ የኤሌክትሮድ ጠርዝ ሻጋታው ላይ እንዳለ ይታያል። የመጨረሻውን መንገድ ያለምንም ለውጥ በዚያው መቁረጫ አንድ ጊዜ መድገም አብዛኛውን ያነሳል። የቀረውን ጠፍጣፋ ጠንካራ ነገር ላይ በተለጠፈ ቁጥር 800 የብርጭቆ ወረቀት፣ በፊቱ አቅጣጫ ብቻ።

ግራፋይት ለሚቆርጥ

ግራፋይት ቺፕ አያወጣም፤ አቧራ ነው የሚሆነው። አቧራው ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ብረት ይበላል። የቁጥጥር ሳጥኑ ውስጥ ከገባ ካርዶችን ያቃጥላል፤ ሀዲዱና ቦል ስክሩ ላይ ከዘይት ጋር ሲቀላቀል እንደ መሞረጃ ዱቄት ይፈጫቸዋል። በተራ ሲኤንሲ ላይ «ለአንድ ቀን ብቻ» ግራፋይት መቁረጥ ማሽን መሸጥ ነው። መምጠጫው ከመቁረጫው አጠገብ ይሁን፣ ሠራተኛው የአቧራ ጭምብል ያድርግ፣ ሥራው ሲያልቅ አቧራው በኮምፕረሰር አየር አይነፋ።

መቁረጫው በአልማዝ የተሸፈነ ካርባይድ ካልሆነ ዲያሜትሩ በአንድ ኤሌክትሮድ መካከል ይቀንሳል፤ የኤሌክትሮዱ መጀመሪያና መጨረሻ ልዩ ልዩ መጠን ይሆናሉ። ግራፋይት የሚሸረፈው መቁረጫው ከጠርዝ ሲወጣ ነውና መንገዱ ከውጭ ወደ ውስጥ ይሁን፤ ጠርዝ ሲደርስ ፊዱ ይቀንስ። ውሃ ወይም ዘይት የጠጣ ብሎክ ከ100 ዲግሪ በላይ በሆነ ምድጃ ሳይደርቅ አይሠራም።

ስፓርክ ላይ

ኤሌክትሮዱ በሲኤንሲ የታሰረበት ያዣ ስፓርክ ላይም ያው ቢሆን ከግማሽ በላይ የአቀማመጥ ስህተት ይጠፋል። ኤሮዋና ሲስተም 3አር የሚሸጧቸው የፓሌት ያዣዎች ለዚህ የተሠሩ ናቸው። ዋጋቸው ከበደ ከተባለ ጎኖቹ የተሞረዱ፣ በኤም 8 ቡሎን የሚያስር ካሬ ያዣ ወርክሾፑ ራሱ ሊሠራ ይችላል። ኤሌክትሮዱ ከዚያ ያዣ ሳይወጣ ተቆርጦ፣ ተለክቶ፣ ስፓርክ ተደርጎ ያበቃል። ቁራጭ መዳብን በቆርቆሮ ብየዳ ዘንግ ላይ ለጥፎ መጠቀም ከሥራ መሐል ሲላቀቅ ያስቆጫል።

የአምፔሩ መነሻ በኤሌክትሮዱ ፊት ስፋት ይሰላል፤ በካሬ ሴንቲ ሜትር 10 አምፔር ገደማ ጣሪያ ነው። 20 በ30 ሚሜ ፊት 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስለሆነ እስከ 60 ይሸከማል። 1 ሚሜ በ40 ሚሜ የሆነ የሪብ ኤሌክትሮድ ግን 0.4 ካሬ ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ድርሻው 4 አምፔር ነው። ሪብን በ12 አምፔር አስነስቶ ማዕዘኑ አለቀ ብሎ ማማረር የተለመደ ነው። አናቱ ጉብ ያለ ኤሌክትሮድም መጀመሪያ የሚነካው በነጥብ ነውና በ5 ወይም 6 አምፔር ጀምሮ ፊቱ እየሰፋ ሲሄድ መጨመር ይገባል። ብረት ላይ ኤሌክትሮዱ ፖዘቲቭ ሲሆን መበላቱ ይቀንሳል፤ ኔጌቲቭ ማድረግ ግራፋይትን ያፋጥነዋል፣ ይበላዋልም።

ብልጭታው ወጥ ድምፁን አጥቶ አንድ ቦታ ላይ ቢጫ ሲነድ፣ ጭሱም ሲበዛ፣ ቅስት ተፈጥሯል። ምክንያቱ ቆሻሻው አልወጣም ነው። አምፔር ከመነካቱ በፊት ዜድ ከፍ ይበል፤ የኤሌክትሮዱ ፊት ላይ የተጋገረው ጥቁር ካርቦን ተፍቆ ይጽዳ፤ በብልጭታዎቹ መካከል ያለው የማረፊያ ጊዜ ይራዘም፤ ኤሌክትሮዱ የሚነሳበት ርቀትና ድግግሞሽ ይጨምር። ካርቦኑ ሳይጸዳ ሥራው ከቀጠለ በዚያው ቦታ ደግሞ ይነዳል፤ ሻጋታው ላይ የሚተወው ጉድጓድም በፊኒሺንግ አይጠፋም።

ብዙ ወርክሾፖች ለስፓርክ የተዘጋጀውን ዘይት ትተው ነጭ ጋዝ ይጠቀማሉ። ይሠራል፤ ነገር ግን ትነቱ ከ38 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ሊቀጣጠል ይችላል። ፈሳሹ ብልጭታው ካለበት ቦታ ቢያንስ 50 ሚሜ ከፍ ብሎ ይሸፍን፤ መጠኑ ሲቀንስ ማሽኑን የሚያቆመው ተንሳፋፊ ማብሪያ በሽቦ አይታለፍ፤ የዱቄት ወይም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያ አጠገብ ይኑር። ሰው በሌለበት ሌሊት በነጭ ጋዝ ስፓርክ ማስነሳት የትኛውም የማስረከቢያ ቀን የሚያስገድደው ነገር አይደለም።

መብራት ሲጠፋ ኤሌክትሮዱ ጉድጓዱ ውስጥ ይቀራል። ሲመለስ ኤክስና ዋይ ሳይነኩ ዜድ ብቻ ቀጥ ብሎ ይነሳ። አሮጌ ማሽን ዜሮውን ይረሳል፤ ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ የማይነቀል አንድ የመለኪያ ኳስ ወይም ፒን ታስሮ፣ ሥራው ሲጀመር ኤሌክትሮዱ ከእሱ ያለው ርቀት በወረቀት ይጻፍ። ከመብራት በኋላ ኳሱ እንደገና ተነክቶ ቁጥሩ ከወረቀቱ ጋር ይመሳከራል። ጉድጓዱ ውስጥ የዘቀጠው ጭቃ ታጥቦ፣ በዝቅተኛ አምፔር ይጀመራል። ሲኤንሲው ላይ ደግሞ ፕሮግራሙን ከመሐል ሲያስጀምሩ ስፒንድሉ መዞሩና ጂ 54 (የሥራውን ዜሮ የሚይዘው ትእዛዝ) መነበቡ ይረጋገጥ፤ በዚህ የተነሳ የሚሰበር መቁረጫ ጥቂት አይደለም።

ጉድጓዱ ሲያልቅ ከመለካት በተጨማሪ ቅርጹን ማንበብ ይቻላል። በሁሉም ጎን እኩል ከሰፋ ኦርቢቱ ወይም ቅናሹ ተሳስቷል፤ አቀማመጡን መነካካት አያስፈልግም። በአንድ ጎን ብቻ ከሰፋ ዜሮው የተያዘው ሹል ትርፍ ባለበት የመሠረት ጠርዝ ላይ ነው ወይም ኤሌክትሮዱ ዘሟል። አፉ ሰፍቶ ወለሉ ልክ ከሆነ በጎኖቹ የሚወጣው ቆሻሻ ተጨማሪ ብልጭታ እያስነሳ ነው፤ ማጠቢያው ይሻሻል። ወለሉ ልክ ሆኖ የታች ማዕዘኖቹ ከከበቡ ኤሌክትሮዱ ተበልቷል። መበላቱ 1 በመቶ ቢሆን እንኳ በ20 ሚሜ ጥልቀት 0.2 ሚሜ ነው፤ ሁለተኛ የፊኒሺንግ ኤሌክትሮድ በዋጋው ውስጥ ከመጀመሪያው መግባት ነበረበት። ወለሉ ጠልቆ ጎኖቹ ልክ ከሆኑ ደግሞ ወደ ካም ፋይሉ ተመልሶ ያ 0.1 ሚሜ ዜድ ወርዶ እንደሆነ ማየት ነው።